የመንዙማ፣ የክራርና የኪቦርድ ልጆች አንድ ኮሚናል ውስጥ፦ ድንበሩ የት ጋ ነው?

የአባዶ ክራር

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ እንለማመዳለን። እኔ ክራር እጫወታለሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጓደኛዬ ከደሴ የመጣ ነው፤ መንዙማን አያቱ እግር ስር ተቀምጦ የለመደ። ድምፁ ደረጃውን ይሞላዋል። ኪቦርዲስታችን ከፊት ለፊት ብሎክ ነው፤ እሁድ እሁድ ቸርች ኳየር ያጅባል። አራተኛዋ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ መሬት ላይ ሲያርሱ ከነበሩ ገበሬዎች ቤት ናት፤ በኦሮምኛ ትዘፍናለች።

የምንለማመደው ኮሚናል ውስጥ ነው። የኮንዶሚኒየም ሰው ያውቀዋል፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ሐዘን ሲደርስ እድርተኛ የሚቀመጥበት ቤት። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል። ወለሉ ላይ የውሃና የደም መውረጃ ቦይ አለ። ኪቦርዱ ቦዩ ላይ እንዳይቆም ሁሌ እንጨቃጨቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ተውሼ መጣሁ። ለልምምድ ብዬ። ችክችካ መታሁበት። ጓደኛዬ ሞቀውና ሰለዋት (ለነቢዩ የሚባለውን ውዳሴ) ጀመረ። ኪቦርዲስቱ ከስር ኮርድ አስገባ። እውነቴን ነው፣ ውርር አደረገኝ። 40 ሰከንድ በስልክ ቀርፀን ቲክቶክ ላይ ለቀቅነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሦስት ስልክ ተደወለ። ለእኔ እናቴ፦ «የማኅሌት ከበሮ ይዘህ ነው እንዴ ዳንኪራ የምትመታው?» ለእሱ አጎቱ፦ «የነቢዩን ስም በሙዚቃ?» ለኪቦርዲስቱ የኳየሩ ኃላፊ፦ «ወንድሜ፣ ና እንጸልይልህ።» ሦስቱ በአካል ተያይተው አያውቁም፤ በእኛ ጉዳይ ግን በአንድ ሌሊት ተስማሙ።

ቪዲዮውን አጠፋነው። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ቀዝቅዟል። አንዱ መሣሪያ ሲያነሳ ሌላው ያየዋል፤ ይሄ ይፈቀድ ይሆን እያለ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። መደባለቁ ራሱ ነው ስህተቱ ወይስ አደባለቃችን? የሠራበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ብሎክ ነዋሪ

መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱልን። ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን የማስተኛበት ሰዓት ነው። ክራሩ ደስ ይላል፤ ኪቦርዱ ነው የሚያስቸግረው።

የአባዶ ክራር

ጎረቤት ነህ እንዴ? ይቅርታ ወንድሜ። ስፒከሩን ወደ ሜዳው እናዞረዋለን።

ብሎክ ነዋሪ

እኔ ሜዳው በኩል ነኝ።

ሁለት ዳስ

ወሎ ነው ያደግኩት፤ አሁን ቦሌ አራብሳ ነኝ። ከእናንተ ብዙም አልርቅም።

እኛ ጋ ሠርግ ሲደገስ ሁለት ቦታ ይታረዳል። ክርስቲያኑ ለብቻ፣ እስላሙ ለብቻ። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ አንዳንዴ ዳሱም ለየብቻ። ደጋሹ ሙስሊም ቢሆን ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ በግ ገዝቶ «እናንተው እረዱ» ብሎ ይሰጣል። ክርስቲያኑም እንደዚያው። «ለምን ከኔ ድስት አትበላም፣ ንቀኸኝ ነው?» የሚል ሰው አላየሁም። የሚያስቀይመው ሳይነግሩ ማቅረቡ ነው። ምሳው ካለቀ በኋላ ጭፈራው ላይ ግን ሁሉም አንድ ክብ ውስጥ ነው።

እናንተ ያደረጋችሁት ሁለቱን ሥጋ አንድ ድስት መክተት ነው። ሰለዋቱ የእሱ ቤት ሥጋ ነው። የማኅሌት ከበሮው የአንተ ቤት ሥጋ ነው። ሁለቱም ሳይጠየቁ ወጡ። ሰው የተቆጣው «እስላምና ክርስቲያን ለምን አብረው ዘፈኑ» ብሎ አይመስለኝም። አብሮ መዝፈንማ መቼ ጠፍቶ።

ደግሞ ቅኝቶቻችሁን እዩዋቸው። ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታ ስሞች ናቸው። ባቲ ሰኞ ገበያዋ ላይ ቆመህ አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውን በአንድ ዓይን ታያለህ። ያ ዜማ የማን ነው ብትለኝ መልስ የለኝም። የሁሉም ዳስ ነው። እዚያ ላይ ተገናኙ።

የመንዙማ ቤት

«ሁለት ዳስ» ያለው ላይ ልጨምር።

መንዙማ ለእኛ «ሙዚቃ» አይደለም። ስለ አላህ፣ ስለ ነቢዩ የሚባል ግጥም ነው። በአማርኛ አለ፣ በአረብኛ አለ፣ በኦሮምኛ አለ። ከድቤና ከጭብጨባ ሌላ የማያስገቡ ብዙ ናቸው፤ ድቤውንም የማይወዱ አሉ። ክራር ከስሩ ስታስገባ ለሰሚው ትርጉሙ ይቀየራል። አጎቱን አትውቀሱት። እኔም ብሆን እደውል ነበር።

ግን ከመንዙማ ልትማሩት የምትችሉት ነገር አለ። አንድ ሰው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዩ ዝም ብሎ አይደግምም፤ ያሞቀዋል። አውጪው ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ድቤው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሐድራው (መንዙማ የሚባልበት ስብስብ) እየሞቀ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ይሄ አካሄድ የማንም የግል ቅዱስ ንብረት አይደለም፤ በደቦ ዘፈንም በሠርግ ዘፈንም አለ። ጓደኛህ ያንን ያምጣ። ሰለዋቱን ቤቱ ይተወው።

አልደባልቅም

እኔ አልስማማም፤ በክብር ነው የምናገረው።

አብሮ መኖርና አብሮ መዝፈን ይለያያሉ። ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፤ ልጄን ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው። ለሱ ያለኝን ፍቅር ለማሳየት የሱን ዜማ ከኔ ዜማ ጋር መስፋት አይጠበቅብኝም። አሁን አሁን ሁሉን ነገር «ፊውዥን» ማድረግ ፋሽን ሆኗል። የበገና ድምፅ ማስታወቂያ ውስጥ ሰምቼ አውቃለሁ። በገና እኮ 10 አውታር ያለው፣ ሰው በዐቢይ ጾም ቁጭ ብሎ ነፍሱን የሚያይበት ነው። ድብልቅ ያላችሁት ነገር አንዳንዴ የሁለቱንም ወገን ጣዕም ያጠፋል።

የአባዶ ክራር

ወንድሜ የተናገርከው ገብቶኛል። በገና ራሴም አላወጣም። ለዚያ ነው ክራር የያዝኩት።

ማጀቢያ

ኪቦርዲስቱ ላይ ምንም አልተባለምና እኔ ልናገር፤ እኔም የቸርች ኪቦርዲስት ነኝ፣ ኮተቤ።

የኛ ጭንቅ ከሁላችሁ ይለያል። የኦርቶዶክሱ ልጅ ከበሮውን መልሶ ክራር ቢያነሳ ያልፋል። የኛ ኪቦርድ ግን ቸርችም ክለብም ያው አንድ ኪቦርድ ነው። ድምፁም ያው ነው። ስለዚህ ሰው የሚለየው በመሣሪያው አይደለም፣ በቦታውና በቃሉ ነው። «ዘማሪ ነህ ወይስ ዘፋኝ?» ትባላለህ። በአማርኛ ሁለቱ ቃላት መካከል ገደል አለ።

ገላትያ 5፥21ን ይጠቅሱልሃል። በአማርኛው «ዘፋኝነት» ይላል። ግሪኩ «ኮሞይ» ነው፤ ስካርና ልቅ ፈንጠዝያ ያለበት ግብዣ ማለት ነው። ይሄን ለአንድ ሽማግሌያችን አንድ ጊዜ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና «ጥሩ፤ ታዲያ ያ ግብዣ ያለ ኪቦርድ ይደምቃል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ወሰንኩ። መጠጥ ያለበት ቦታ አልጫወትም። የሰውን ሃይማኖት ቃል አላጅብም። የቀረውን በግልጽ፣ ለኳየሩ ነግሬ እሠራለሁ። ግማሹ ይወደዋል፣ ግማሹ አይወደውም። ከጀርባ ሰምተው ግን አያውቁም። ጓደኛችሁ ቀድሞ ይንገራቸው። የሚጎዳው ቲክቶክ ላይ ማየታቸው ነው።

ዋሽንት በቦርሳ

ስለ ሃይማኖቱ ሌሎች ይንገሯችሁ። እኔ ስለ ድምፅ ላውራ፤ ማንም ስላላነሳው ገርሞኛል።

ክራርህን በጆሮህ ነው የምትቃኘው አይደል? ኪቦርዱን ግን ፋብሪካ ነው የቃኘው። 12ቱ ግማሽ ድምፆች እኩል እኩል ተከፍለዋል። ትዝታ ላይ ብዙም አይሰማህም፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። አምባሰል ላይ ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። ያቺ ዝቅ ያለች ሬ በወሎዬ ጉሮሮ ውስጥ የምትቀመጥበት ቦታ ኪቦርዱ ላይ የለም። ትንሽ ወዲያ ናት ወይ ትንሽ ወዲህ። አንቺሆዬን እንተወው፤ እሱ ላይ ከኪቦርዲስት ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ።

ሁለት መፍትሔ አለ። ኪቦርዱ ስኬል ቲዩን ካለው ያቺን አንድ ድምፅ ጓደኛህ እያዜመ፣ አብራችሁ እየሰማችሁ ዝቅ ከፍ አድርጓት። ከሌለው ኪቦርዲስቱ ሙሉ ኮርድ አይምታ። ዶና ሶልን ብቻ ይዞ ይቆይ። የመሃሉን ድምፅ ለክራሩና ለሰው ድምፅ ይተውላቸው። የቸርች ልጆች ኮርድ ሙሉ ካልሆነ ራቁታቸውን የቆሙ ይመስላቸዋል (ማጀቢያ፣ አትቀየመኝ)።

ሌላው ደግሞ፣ ያለ መሣሪያ የለመደ ሰው ሲሞቅ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። በድቤ ብቻ ሲሆን ማንም አያውቅበትም። በኪቦርድ ሲሆን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጉድ ይፈላል። ዘፋኙ «ትንሽ ከፍ አርጉልኝ» ሲል ክራሩ ይጠበቃል፣ ኪቦርዱ ትራንስፖዝ ይጫናል፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ ሌላ ዋሽንት ፍለጋ እገባለሁ። ሰባት ነው የምይዘው።

ማጀቢያ

አልተቀየምኩም። እውነት ነው። ትናንት ማታ ዶና ሶል ብቻ ይዤ ሞከርኩ፤ እጄ ሥራ ፈትቶ አሳከከኝ።

ጡረተኛው ትራምፔት

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። የኔ ዕድሜ 70ን አልፏል። ትራምፔት ነበርኩ።

ይሄ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አምጥተዋል። «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያው ቤተሰብ ነርሲስ ናልባንዲያን የኛን ዜማ ለትልልቅ ኦርኬስትራ እያዘጋጁ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሠርተዋል። ፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችም አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ካይሮ ያስተማረ፣ በኋላ እዚህ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ የመራ። በዚያው በክብር ዘበኛ ስንቱ አለፈ መሰላችሁ፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አህመድ፣ ዓሊ ቢራ። ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ በአማርኛ ዘፍኗል። እንግዲህ በየትኛው ሃይማኖት፣ በየትኛው ባህል ትከፋፍሉታላችሁ?

አልደባልቅም

ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር። አርመኖቹ እኮ ኦርቶዶክስ ናቸው። የአርመን ቤተ ክርስቲያንና የኛ እህትማማች ናቸው። ባህሉ ይለያል ይባል፤ ሃይማኖቱ ግን ለዚህ ክር ምሳሌ አይሆንም።

ጡረተኛው ትራምፔት

ልክ ነህ ልጄ። ተቀብያለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እኛ ባንድ ውስጥ ስንገባ «ተስማምተን» አልነበረም። ዩኒፎርም ተሰጠን፣ ኖታ ተዘረጋ፣ «ንፉ» ተባልን፣ ነፋን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ፊሽካ ይቆማል። ማንም ማንንም ምን ይከብድሃል ብሎ አልጠየቀም። ሠርቷል? ሠርቷል። ግን አዛዥ ስለነበረ ነው። እነዚህ አራት ልጆች አዛዥ የላቸውም። የነሱ ይከብዳል። እኔ በነሱ ዕድሜ ኮሚናል ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዲህ እንድነጋገር ማንም አልጠየቀኝም።

የውሎ አበል

አዛዥ ያልተባለ አዛዥ አሁንም አለ፤ ፕሮጀክት ይባላል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) ለሰላም ዝግጅት ጠራን። እኔ ማሲንቆ እጫወታለሁ። አዳራሹ ስንደርስ አንዲት አስተባባሪ ልብስ ማደል ጀመረች። «አንተ ነጠላ፣ አንተ ኮፍያ፣ አንቺ ጨሌ።» ኮፍያ የደረሰው ልጅ የጎጃም ልጅ ነው! «እኔ ሙስሊም አይደለሁም» ሲላት «ችግር የለም፣ ለካሜራ ነው» አለችው። 4 ደቂቃ ተጫወትን። ከኋላችን ያለው ባነር ከኛ ይበልጥ ነበር። ውሎ አበል ፈርመን ወጣን። ቀረጻው የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ምክሬ ደረቅ ነው። ገና ቀዝቀዝ እንዳላችሁ ወረቀት ጻፉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ በኋላ የተሻሻለ፣ በጋራ የተሠራን ሥራ የሠሪዎቹ የጋራ ያደርገዋል። ከዋኙም፣ ማለትም የሚዘፍነውና የሚጫወተው ሰው፣ የራሱ መብት አለው። ዜማው የማን ነው፣ ግጥሙ የማን ነው፣ ቪዲዮ ለመልቀቅ የስንት ሰው ፈቃድ ይፈለጋል፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ያቺ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ስትለቀቅ አራታችሁም ተጠይቃችኋል?

የአባዶ ክራር

...አልተጠየቅንም። እኔ ነኝ የለቀቅኩት። «ለቀቅነው» ያልኩት ለማካፈል ነው።

የሁለት ዳሱን ነገር ሳነብ አንድ ምሽት ትዝ አለኝ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። ወር ሙሉ ሁለታችንም ጾመኞች። እኔ ክራሬን ሰቅያለሁ፤ በሁዳዴ አልነካውም። ግን ቅዳሜ መገናኘቱን ስለለመድነው ኮሚናል ተቀመጥን። አፍጥር ሊደርስ ሲል የጓደኛዬ እናት ሳምቡሳ በሰፌድ ላኩ። ሥጋ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። «የምስር ነው፤ ስላንተ ብላ ነው» አለኝ። 12 ሰዓት ከ40 ገደማ አዛን አለ፤ እሱ ቴምር ጎረሰ፣ እኔ ሳምቡሳ። ኪቦርዲስቱ «እኔ ከሁለታችሁም ጾም ነፃ ነኝ» እያለ ስድስት በላ።

ከዚያ መብራት ሄደ። አባዶ ነዋ። ጨለማ ውስጥ ጓደኛዬ ያለ ቃል፣ በእምምታ ብቻ አምባሰል አነሳ። አራተኛዋ ከጥግ ሆና ተቀበለችው። ኪቦርዲስቱ የሳምቡሳውን ሰፌድ በጣቱ ይመታል። እኔ ምንም አልያዝኩም፣ ዝም ብዬ እሰማለሁ። መብራት ሲመጣ ሁላችንም አፍረን ሳቅን። አልቀረፅነውም። እስካሁን ካደረግነው ሁሉ ያቺ ምሽት ትበልጣለች። ይሄን ሁሉ መልስ እስካነብ ድረስ ግን «ልምምድ» ብዬ አልቆጠርኳትም ነበር።

ለፈ

የክሩ «አራተኛዋ» እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ሊንኩን ላከልኝ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ሁላችሁም ስለ ሃይማኖት ታወራላችሁ። ጥሩ ነው። የዚያን ቀን ማታ ግን ሦስት ስልክ ተደወለ ብሏል አይደል? ለእኔ ያልተደወለው ስለተፈቀደልኝ አይደለም። ከ40 ሰከንዱ ውስጥ የኔ ድምፅ ተቆርጦ ስለወጣ ነው። «ለማሳጠር» ተባለ። የሚያጥረው ሁሌ ኦሮምኛው ነው።

ሌላም አለ። ዜማው መጀመሪያ በአማርኛ ይሠራል፤ ከዚያ «አንቺ ደግሞ እዚህ ጋ በኦሮምኛ ሙይው» እባላለሁ። አማርኛ ላይ አንድን ፊደል ብትጎትተው ሰው ይገባዋል። በኦሮምኛ መጎተቱ ራሱ ትርጉም ነው። «ለፈ» መሬት ነው። «ላፋ» ለስላሳ ነው። ስለ አያቴ መሬት የጻፍኩትን ስንኝ ዜማችሁ ጎተተብኝና ቤት ሄጄ ለአባቴ ስዘፍንለት «ምኑ ነው የለሰለሰው?» አለኝ። እዚህ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበትን መሬት ያረሰ ሰው ነው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ሳቁ ጠፋ።

«ሁለት ዳስ» የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። ግን ዳሱ ሁለት ብቻ አይደለም። የኔ ዳስ የት ነው?

ሁለት ዳስ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ስሜን መቀየር ሊኖርብኝ ነው።

ዋሽንት በቦርሳ

እህቴ፣ ቴክኒካል መልስ ልስጥሽ፤ ከይቅርታ ይሻላል። አንድ ዘፈን ላይ አንቺ ጀምሪ። ቃሉን መጀመሪያ ተናገሪው፣ አትዝፈኚው። አጭሩና ረጅሙ የት ጋ እንዳለ ክራሩ በአንድ አውታር ይከተልሽ። ዜማው ከዚያ ይውጣ። አማርኛው በኋላ ይግባ፤ አማርኛ ተጎትቶ ይችላል፣ ለምዶታል።

የአባዶ ክራር

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት እየሠራን ስለነበር ነው። ባጭሩ፦

ከበሮውን መልሻለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ተቆጡኝ፣ ከዚያ «ሌላ ከበሮ ግዛ፤ ሽሮሜዳ ታገኛለህ» አሉኝ። ገዛሁ። አዲሱ ከበሮ የማንም አይደለም፤ ድቤ የሚመታው ጓደኛዬም ይመታዋል፣ በሁለት መዳፉ፣ እኔ በማላውቀው አመታት።

ኪቦርዲስቱ ለኳየሩ ነገራቸው። አንድ ወር «እናስብበት» ብለውታል። እያሰቡ ነው። ልምምድ ላይ ግን ይመጣል። ዶና ሶል ይዞ ይቆማል፤ ፊቱን ብታዩት ጥርስ ሕመም ያለበት ይመስላል።

ሰዓቱ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴም ቸርችም አለ፤ የተረፈችን እሷ ናት። አስር ሰላት ሲደርስ እናቆማለን። ያቺን ዕረፍት ለሻይ ወስነናታል።

ወረቀቱን ጻፍነው፤ ከደብተር የተቀደደ ነው። አራተኛው መስመር ላይ «ቪዲዮ የሚለቀቀው አራቱም ሰምተው አራቱም እሺ ሲሉ ነው» ይላል። እኔ ነኝ መጀመሪያ የፈረምኩት፤ አስገድደውኝ።

የመጀመሪያው ዘፈን የእሷ ነው። ያለ መሣሪያ ትጀምራለች፣ ስምንት ስንኝ። ከዚያ ጓደኛዬ ያለ ቃል ይቀበላታል። ባለፈው ቅዳሜ አባቷ መጥተው ኮሚናሉ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ስትጨርስ አጠገባቸው ሄድኩና «አባባ፣ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «መሬቷ አሁን ልክ ናት» አሉኝ። «ያንተ ክራር ግን ትጮሃለች።»

ብሎክ ነዋሪ

ልክ ናቸው።

ማጀቢያ

ቅጂው መቼ ይወጣል?

የአባዶ ክራር

ሦስት እሺ አግኝቷል። ለፈ ገና አልሰማችውም፤ መብራት የለም።